ፍሬሙ ትራስ አይደለም

ፍሌሚንግተን ውስጥ ከዋናው አስፋልት ወደ ጓሮ መተላለፊያዎቹ የታጠፈ ብስክሌተኛ የሜልበርን ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ይቀበለዋል፤ ብሉስቶን ይሉታል፣ የአዲስ አበባን ኮብልስቶን ለለመደ እንግዳ አይሆንም። እንዲህ ባለው መንገድ ግራቭል (ለጠጠር መንገድ የተሠራ) ብስክሌት የሚመቸው ፍሬሙ ረዘም ስላለ ነው ሲባል ይሰማል። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። በአስፋልት ብስክሌት ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላው 1000 ሚሊሜትር፣ ከኋላው እምብርት እስከ ኮርቻው ደግሞ ወደ ፊት 205 ነው እንበል። የኋላ ጎማው 20 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ኮርቻው 15.9 ይነሳል። ፍሬሙን አስረዝመን 1040 እና 220 ብናደርገው 15.8 ይሆናል። ይህችን አንድ አስረኛ ሚሊሜትር የሚያውቅ መቀመጫ የለም።

የፍሬም ቅርጽ ሥራው ሌላ ነው፤ መሪውን ይገዛል። የመሪው ዘንግ መስመር ወደ መሬት ቢቀጥል ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ቀድሞ ያርፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬይል ይባላል። ዘንጉ 73 ዲግሪ በቆመበት የተለመደ የአስፋልት ብስክሌት 57 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 71 ዲግሪ በተጋደመ ግራቭል 68 ይደርሳል። ጠጠር የፊት ጎማውን ወደ ጎን ሲገፋው፣ ከኋላ የሚጎተተው የጎማው እግር ልክ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ መንኮራኩር ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። በማሪበርኖንግ ወንዝ ዳር ፈጠን ብሎ ለሚነዳ ይህ ሀብት ነው። በጠባቡ መተላለፊያ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ በቆሻሻ ገንዳዎች መካከል ሲታጠፉ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ያው ትሬይል መሪውን ወደ ጎን እንዲወድቅ ይጎትተዋል፣ እጅም እየደጋገመ ያቀናዋል። ስለዚህ የተጋደመ ሁሉ ይሻላል የሚለው የሻጭ ወሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ትሬይሉ ከዜሮ በታች የሆነ ባለሁለት ጎማ መሣሪያ ያለ ነጂ ሚዛኑን ሲጠብቅ አሳይቷል፤ ታዲያ ትሬይል ምን ይፈይዳል? ያ መሣሪያ ክብደቱ ሆን ተብሎ ወደ ፊት የተደረደረ ነበር። ሱቅ የሚሸጡት ብስክሌቶች የክብደት አደራደራቸው ስለሚቀራረብ ልዩነቱን አብዝቶ የሚያመጣው ትሬይሉ ነው። ምቾት ከጎማ ይመጣል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት ነው፤ ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ የአየር ግፊት ከየትኛውም ፍሬም ይበልጥ ንዝረት ይውጣል። ሆኖም ጎማውም ከጂኦሜትሪው አያመልጥም፦ በዚያው የ71 ዲግሪ ፍሬም ባለ28 ሚሊሜትሩን ጎማ አውልቆ ባለ40 ያስገባ ሰው ትሬይሉን በ4 ሚሊሜትር ያህል አሳድጓል፣ መሪውንም ሳያስበው አክብዷል።