ተረትና እውነታ፦ «ንባብ አንዴ ከሄደ አይመለስም»

«ድሮ አንባቢ ነበርኩ።» ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ይህን ቃል መስማት ብርቅ አይደለም። ተናጋሪው ተማሪ ሳለ የከተማዋን ልጅ የብርሃኑ ዘሪሁንን ልብ ወለዶች በኩራዝ ሲያነብ ያነጋ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ገጽ ሳይዘልቅ ይከድናል። ወዳጁም ያጽናና መስሎት «ተወው፣ የልጅነት ነገር ነው፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም» ይለዋል። መጻሕፍቱ በካርቶን ታጭቀው አልጋ ሥር ይገባሉ።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ችግሩን መፈለግ ትቶ በራሱ ላይ ይፈርዳል።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ ንባብ ሲተዉት ይዝጋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ድረስ ዘልቆ ብዙ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። ከእነሱም መካከል የሚያነቡት በማጣት የተማሩትን መልሰው የረሱ ነበሩ። ግን ያው ዘመቻ ሌላም ነገር አሳይቷል፦ እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ የአርባና የሃምሳ ዓመት ገበሬ ማንበብ ችሏል። አዲስ ጀማሪ በዚያ ዕድሜ ከቻለ፣ በልጅነቱ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያደገው ሰው ምን ያግደዋል?

ብዙ ጊዜ የሚያግደው ዓይኑ ነው። ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ የቅርብ ፊደል ይደበዝዛል። ሰውየው መጽሐፉን ክንዱን ዘርግቶ ይይዛል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፤ ከዚያ «ንባብ ሰለቸኝ» ይላል። የጠፋው ፍቅሩ ሳይሆን የማንበቢያ መነጽሩ ነው! የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ሆኖ ሳለ «አይመለስም» እያሉ ተስፋ የሚያስቆርጡ ሰዎች ትዕግሥት ይፈታተናሉ። ስልክም ድርሻ አለው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ቁርጥ አድርጎ መናገር ያስቸግራል።

ሌላው መሰናክል ኩራት ነው። ተመላሹ አንባቢ ያላነበበውን፣ ወፍራሙንና ከባዱን ካላነሳ ያነበበ አይመስለውም። «ያነበቡትን ደግሞ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። የጎንደር ሽማግሌዎች ግን «ዳዊት አነበብኩ» አይሉም፤ «ደገምኩ» ነው የሚሉት። 150ው መዝሙር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ላሉት ስድስት ቀናት ተከፋፍሎ ሳምንት በመጣ ቁጥር ይደገማል። የአብነት ተማሪም ካቋረጠበት ሲመለስ መጀመሪያ የቀደመውን ይከልሳል እንጂ ዘሎ አዲስ አይጀምርም። በወጣትነት የወደዱትን ልብ ወለድ እንደገና መክፈትም እንዲሁ ነው፤ ታሪኩ ስለሚታወቅ ዓይንና ልብ ያለ ጭንቀት ይላመዳሉ።

«ብዙ ማንበብ ያሳብዳል» የሚባለውስ? ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ሰው ለፈተና የሚያጠናበት ዕድሜ ነው። መጽሐፍ በእጁ ስለተገኘ ተጠያቂ ሆነ። በኩራዝ ማንበብም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም፤ ዓይን ያደክማል እንጂ አያጠፋም።

«ትረካ መስማት ንባብ አይደለም» የሚለው ንቀትም አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ስንቶች ናቸው መጽሐፉን ፍለጋ የወጡት!

በመጨረሻም «ሀበሻ አያነብም» የምትለው ቀልድ አለች። በፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ቆሟል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወስደው መቅደላ ካከማቿቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. 350 ያህሉን ለለንደን መርጠው ወስደዋል፤ የመቅደላን ዘረፋ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል። እርግጥ ያ ሀብት የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት እንጂ የሁሉም ቤት አልነበረም። ቀልደኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የመጨረሻ መጽሐፉን መቼ እንደጨረሰ አያስታውስም፤ አንድ መነጽር ቢሞክር አይከፋም።