ውሉን ያነበበው ተጫዋች

የመጀመሪያ ሥራዬን ስለቅ ክሊራንስ ለማግኘት ሁለት ወር ተመላለስኩ። አዲሱ ቀጣሪ «ያለ መልቀቂያ አይሆንም» ይለኛል፣ የድሮው «ነገ ና» ይለኛል። ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ስለሚባል አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዋርድ በ1860 ፔንሲልቬንያ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ኮሌጅ ገባ፤ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹን በሞት አጣ። በ18 ዓመቱ ለፕሮቪደንስ ኳስ ወርዋሪ ሆነ። በ1880 ከተጋጣሚው ቡድን አንድም ሰው የመጀመሪያዋን ቤዝ ሳይረግጥ ጨዋታ ጨርሷል። ክንዱ ሲጎዳም አልተወም፣ ቦታ ቀይሮ ቀጠለ። ኒውዮርክ እየተጫወተ ኮሎምቢያ ሕግ ተማረ፤ በ1885 ተመረቀ።

ከዚያ ውሉን በሕግ ሰው ዓይን አየው። ክለቦቹ በ1879 አንድ ስምምነት አድርገው ነበር፦ አንዱ ክለብ «የኔ ነው» ብሎ ያስመዘገበውን ተጫዋች ሌላው አይነካውም። ውልህ ቢያልቅም መሄጃ የለህም። መጀመሪያ ለአምስት ተጫዋቾች ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ሁሉንም ለማለት ይቻላል ጠቀለለ። ክፍል ውስጥ ሞኖፕሶኒ ብለን በግራፍ የሳልነው ነገር እኮ ይኸው ነው፦ ሻጭ ብዙ፣ ገዢ አንድ።

ዋርድ በ1885 የተጫዋቾች ማኅበር አቋቋመ፤ በ1887 «ተጫዋች የሚሸጥ ዕቃ ነው ወይ?» ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት እሱ ጊዛ ፒራሚዶች ድረስ በሚዘልቅ የዓለም ጉዞ ላይ ሳለ፣ ባለቤቶቹ ተጫዋቾችን በደረጃ ከፍለው ደመወዙን ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር ወሰኑት። ደረጃው ሲወጣ ጠባይም ይገመገማል!

ሲመለስ ምን አደረገ? በ1890 የተጫዋቾቹን የራሳቸውን ሊግ ከፈተ። ስመ ጥር ተጫዋቾች ተከተሉት፤ ትርፉንም ከባለሀብቶቹ ጋር ሊካፈሉ ተስማሙ። ሁለቱም ሊጎች ግን ከሰሩ። የድሮዎቹ ባለቤቶች ኪሳራቸውን ዋጥ አድርገው ጠንካራ መስለው ቀረቡ፤ የአዲሱ ሊግ ባለሀብቶች ደነገጡና ለብቻቸው ተደራደሩ። በቃ፣ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው፦ ተጫዋቾቹ አልተሰነጠቁም፣ ገንዘቡ ነው ጥሏቸው የሄደው።

ዋርድ በ1894 መጫወት አቁሞ ጠበቃ ሆነ፤ ለተጫዋቾችም ቆሞ ተከራከረ። በ1925 ሞተ። በ1964 ስሙ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲሰፍር ያ አንቀጽ ገና ይሠራ ነበር። የተሰበረው በ1975 መጨረሻ፣ በአንድ የግልግል ዳኛ ውሳኔ ነው።

የኔ ክሊራንስ እንኳ በሦስተኛው ወር ወጣልኝ፤ አዲሱ ሥራ ግን በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቀኝ።