ሽቅብ የሚጓዙት ዓሦች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ፣ ወተት ዓባይ አጠገብ የግልገል ዓባይን ወንዝ ትሻገራላችሁ። ወንዙ ቁልቁል ወደ ጣና ይወርዳል፤ የጣና ነጭ ዓሣ ግን በክረምትና በመስከረም ሽቅብ ይወጣል። በሌሎች አገሮች ሳልሞን የተባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከነጭ ዓሣ ወገኖች ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። ዕንቁላሉ እንዲፈለፈል ንጹሕና ፈጣን ውሃ፣ ጠጠራማም ወለል ያስፈልገዋልና።

ይሁን እንጂ ጉዞው አደጋ አለበት። ዓሦቹ በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ በቀላሉ ይያዛሉ። በዚህም የተነሣ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ቁጥራቸው በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። እንግዲህ ዕንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ብቻዋን አልተያዘችም፤ ልጆቿም አብረዋት ተይዘዋል።