ቤቱን ተሸክሞ ለሚመጣ እንግዳ ቤት ስለ ማሰናዳት

አንባቢ ሆይ፤ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት ኦሽን ሲቲ የምትባል የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ አለች። በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። በውቅያኖሱ ዳር ከተዘረጋው የእንጨት መንገድ አጠገብ ባሉት ሱቆች በሽቦ ሣጥን የታጎሩ፥ ዛጎላቸው ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትንንሽ ሸርጣኖች ይሸጣሉ። ዋጋቸው ትንሽ ስለ ሆነ ለልጅ እንቢ ማለት ያስቸግራል።

የአክስቴ ልጅም ለልጁ አንዱን ገዛለት። ሸርጣኑ በሁለተኛው ወር በሣጥኑ ውስጥ ወዳለው አሸዋ ገብቶ ተሰወረ። ቤተ ሰቡ ሦስት ሳምንት ከጠበቀ በኋላ ቆፍሮ ቢያወጣው ገርጥቶ፥ ለስልሶና መላወስ አቅቶት አገኘው፤ ሞቷል ብሎም ጣለው። ልጁ በስልክ፥ «ጋሼ፥ አንተ አስተማሪ አይደለህ? ለምን ሞተ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም የማውቀው ነገር ስላልነበረ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ ሸርጣኑ ምናልባት ጨርሶ አልሞተም ነበር የሚል ነው። ይህንን ለአንድ ሕፃን መንገር እንዴት እንደሚከብድ አንባቢው ራሱ ይገምተዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያን ጊዜ የተማርኩትን ነው።

ይህን ፍጥረት ፈረንጆች «ባሕታዊ ሸርጣን» ይሉታል። በየብስ ላይ የሚኖሩት ከ15 የሚበልጡ ዓይነቶች ሲሆኑ በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚገኘው ከካሪቢያን ባሕር ዳርቻዎች የሚለቀም ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻም የሚኖር አንድ ዓይነት አለ። ዐሥር እግሮች አሉት፤ የኋለኛው አካሉ ግን እንደ ሌሎች ሸርጣኖች ጠንካራ ቅርፊት የለውም። ስለዚህ ቀንድ አውጣ ሞቶ የተወውን ዛጎል ፈልጎ ይገባበታል፤ ሲያድግም ሰፋ ወዳለው ይዛወራል።

ባሕታዊ የሚለው ስም ግን አይስማማውም፤ የሚኖረው በማኅበር ነውና። አንድ ትልቅ ባዶ ዛጎል በባሕር ዳር ሲገኝ አንዳንድ ጊዜ ሸርጣኖቹ በቁመታቸው ተራ ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ሁለተኛው የእርሱን፥ ሦስተኛው የሁለተኛውን እያለ እስከ ታናሹ ይደርሳል። በመሥሪያ ቤት አንድ ሹም ጡረታ ሲወጣ ከበታቹ ያሉት ሁሉ አንዳንድ ደረጃ እንደሚያልፉ ነው እንግዲህ።

ቤቱን ራሱ ተሸክሞ ከመጣ እኛ ምን እናዘጋጅለታለን? ትልቁ ነገር አየር ነው። ይህ ሸርጣን በምድር ላይ ይኑር እንጂ ሳንባ የለውም፤ እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል። ስንጥቡም የሚሠራው እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። አየሩ ሁልጊዜ ደረቅ በሆነበት በሽቦ ሣጥን ውስጥ ያለ ሸርጣን በሳምንታትና በወራት ቀስ በቀስ ይታፈናል። ድምፁን አሰምቶ ስለማይጮኽም ባለቤቱ አያውቅለትም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሽቦውን ሣጥን ትቶ ክዳን ያለው የመስተዋት ሣጥን መግዛት ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ትንንሽ ሸርጣኖች 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ለመነሻ ይበቃል። በውስጡ ያለው እርጥበት ከመቶ 80 ያህል፥ ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ይህም በመለኪያ እንጂ በግምት አይታወቅም፤ ለእኛ ደስ የሚለን ክፍል ለእርሱ በረሃ ነውና።

ሁለተኛው መኝታው ነው። አምስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ከአንድ እጅ የኮኮናት ገለባ ጋር ተቀላቅሎ፥ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ይርጠብ። ጥልቀቱ ከ15 ሳንቲሜትር አይነስ፤ ትልቅ ሸርጣን ካለ የእርሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ሸርጣኑ እባብ ቆዳውን እንደሚለውጥ ሁሉ ቅርፊቱን የሚለውጠው በዚህ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው። ለትንሹ ጥቂት ሳምንታት፥ ለትልቁ ደግሞ ወራት ይወስድበታል። በዚያን ጊዜ ለስላሳና ደካማ ይሆናል፤ የጣለውንም ቅርፊት በልቶ እንደገና ይጠነክራል። ቆፍሮ ማውጣት እርሱን መግደል ማለት ነው። የሞተ ሸርጣን የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታ ከሌለ መታገሥ ይሻላል።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ሁለት ሣህን ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ጨው የሌለው፥ በሌላው ለባሕር ዓሦች በሚዘጋጀው ጨው የተበጠበጠ ውኃ ይኑር። የወጥ ጨው አይሆንም። የቧንቧ ውኃም ቢሆን ክሎሪኑ በመድኃኒት ሳይወገድለት አይሰጥም። ሣህኑ ሸርጣኑን የሚያጠልቅ፥ ነገር ግን ጠጠር ተደርጎበት በቀላሉ የሚወጣበት ይሁን።

አራተኛው ትርፍ ዛጎል ነው። ለአንዱ ሸርጣን መጠናቸው ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ሦስት ወይም አራት ዛጎሎች ተቀቅለው ይቀመጡለት። ቀለም የተቀባ ግን አይግባ፤ ቀለሙ ሲላላጥ ይበላዋልና። ስለ ምግቡ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፍራፍሬ፥ ቅጠል፥ ዓሣ፥ እንቁላል ከነቅርፊቱ ተፈጭቶ፥ ሁሉም ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይበላል።

ይህን ሁሉ አሟልቼ ልግዛ የሚል አንባቢ ቢኖር ግን አንድ ነገር ያስብ። የዚህ ሸርጣን ጫጩቶች የሚያድጉት በባሕር ውስጥ ነው፤ በሰው ቤት ተፈልፍለው ማደጋቸው እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ በሱቅ የሚታዩት ሁሉም ማለት ይቻላል ከባሕር ዳር የተለቀሙ ናቸው። በሚገባው ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለው ፍጥረት በሽቦ ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓመት አይሞላውም። ከመግዛት ይልቅ ማሳደግ የሰለቸው ሰው ያለውን ተቀብሎ መያዝ ይሻላል።

አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ። ሰው የሆነ እንግዳ ብረት መሆኑ ሲሰማው ተሰናብቶ ይሄዳል፤ በመስተዋት ሣጥን ያለው ግን የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ሠላሳኛውን ዓመት አስቀድሞ ያላሰበ ሰው እንግዳውን ባይጠራው ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ልጅም ከጎረቤት ሁለት ያረጁ ሸርጣኖች ተቀብሎ ቤታቸውን በዚህ ዓይነት አሰናድቷል። አንደኛው አሸዋ ውስጥ ከገባ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ልጁ በሣጥኑ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ተኝቷል፤ አትንኩት» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይጠብቃል።