ኃላፊውን ማን ሾመው? ባለሙያውንስ ማን ቀጠረው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረቱ። ተረቱ ሹመትና የመንግሥት ሥራን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያየው። እስቲ እንለያቸው። አርብ ገበያ ላይ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚያይ ወጣት ልዩነቱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከላይ እንጀምር። ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት ርዕሰ መስተዳድሩን ይሰይማል። ርዕሰ መስተዳድሩ የቢሮ ኃላፊዎችን በዕጩነት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ይሄ ሹመት ነው፣ ፖለቲካ ነው። ያሸነፈ ፓርቲ ዕቅዱን የሚያስፈጽሙለትን ሰዎች ቢያስቀምጥ የሚገርም ነገር የለውም።

ደብረ ታቦር ላይ ነገሩ ይለያል። የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ የመረጠው የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ ክንድ ነው። ስለዚህ የመምሪያ ኃላፊዎች ከላይ ይመደባሉ።

ወረዳ ላይ ግን ምክር ቤት አለ። ታች ጋይንትን እንውሰድ፤ ዋና ከተማው አርብ ገበያ ነው። በአሠራሩ ዋና አስተዳዳሪው ከምክር ቤቱ ይመረጣል፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ታዲያ ያጸደቀውን ምክር ቤት ማን መረጠው? የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በአገር ደረጃ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ደግሞ ክልላችን ውስጥ የተመረጠው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ በ2005 ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው በ2013ም ቢሆን ለወረዳው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥበት ዕድል አላገኘም። እኔም አንዱ ነኝ።

አሁን ወደ ባለሙያው እንምጣ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሰው ሀብት ባለሙያው ተሿሚ አይደሉም፤ ቅጥር ናቸው። መንገዱ ማስታወቂያ፣ ምዝገባ፣ ፈተና፣ ከዚያ የሙከራ ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የሠራተኞች ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ የትምህርትና የልምድ መመዘኛው ግን ከአገር አቀፉ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዛል። ኃላፊው ሲቀየር ባለሙያው አብሮ መቀየር የለበትም።

ይሄን ድንበር ለማስመር አሜሪካም ደም ፈስሶባታል። ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን በ1881 እ.ኤ.አ. የተኮሰባቸው ሹመት ጠይቆ ያላገኘ ሰው ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. የተወሰኑ የፌዴራል ሥራዎች በፈተና እንዲሰጡ ሕግ ወጣ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይሄን በማበረታቻ ነው የሚያየው። ቅጥር በዘመድ ወይም በፓርቲ ከሆነ፣ ብልህ ወጣት ማንበቡን ትቶ አጎት ፍለጋ ይወጣል። ጉዳቱ በእሱ ብቻ አያበቃም። መሬቱ በስሙ እንዲዞርለት ከገጠር በእግሩ የመጣው ገበሬም ሥራውን የማያውቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ስልካችሁ ይሥራ። ማስታወቂያ ሲወጣ ፎቶ አንሱት፤ የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውንና የመመዝገቢያ ቀኑን ያዙ። ውጤት ሲለጠፍም እንዲሁ። ካልተለጠፈ ጠይቁ፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂውን አስቀሩ። ኃላፊ ለመሾም ፖለቲከኛ መሆን ሊያስፈልግ ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን ግን ሒሳብ ማወቅ ይበቃል።