«ቼሩሊ» የተባለው የቤተሰብ ስም

ይህን የጣልያን ስም በእንግሊዝኛ አነባበብ «ሴሩሊ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በጣልያንኛ «ቺ» የምትባለው ፊደል ከ«ኤ» እና ከ«ኢ» በፊት ስትገባ እንደ «ች» ትነበባለችና ትክክሉ «ቼሩሊ» ነው፤ «ሊ»ም ይጠብቃል።

በዚህ ስም ከሚታወቁት አንዱ የቴራሞው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቪንቼንጾ ቼሩሊ (1859-1927 እ.ኤ.አ.) ነው። ለእኛ የሚቀርበው ግን ኤንሪኮ ቼሩሊ (1898-1988 እ.ኤ.አ.) ነው። እርሱ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ሐረር ቋንቋና ታሪክ መጽሐፍ በሮም አሳተመ፤ ጥቂት ቆይቶም በወረራው ዘመን የሐረር ገዥ ሆነ።

ጌይ ሲናንን የሚያጠና ሰው ይህን መጽሐፍ ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ ስሙ በመዝገበ ቃላት ሲገባ ሊቅነቱም ገዥነቱም በአንድነት ይስፈር እንላለን፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ስሙን እንጂ ሰውየውን አያሳውቅምና።