ጤፍ እየበላን ደም ማነስ ለምን ይይዘናል? መልሱን ፍለጋ ወደ ኮሌጅ ላይብረሪ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ። "ዶክተር፣ ጤፍ በአይረን የበለጸገ ነው ይባል የለ? ታዲያ በቀን ሦስቴ እንጀራ የሚበላ ሰው ደም ማነስ እንዴት ይይዘዋል?" ከኮተቤም፣ ከሾላም፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም ጠይቃችሁኛል። እንጦጦ ላይ ልምምድ የሚሠሩ ወጣት ሯጮችም "የአይረን ኪኒን ልውሰድ ወይስ ጤፉ ይበቃኛል?" ብለዋል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በምሠራበት የየካ ክፍለ ከተማ ክሊኒክ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለክትትል መጥታ ነበር። ፊቷ ገርጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። የተሰጣትን ኪኒን ስጠይቃት "ተውኩት ዶክተር፤ ሆዴን ያደርቀኛል። ደግሞ ቀይ ጤፍ ከኪኒን ይበልጣል ሲሉ ቪዲዮ ላይ አየሁ" አለችኝ። እናቷም አጠገቧ ሆነው "እኛ ያለ ኪኒን ነው የወለድነው" አሉ። ሄሞግሎቢኗ ሲለካ 8.4 ሆነ። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት መጠባበቂያ የላትም ማለት ነው። አንድ ቪዲዮ የሚያመጣው ጣጣ እዚህ ድረስ ነው።

ብቻዋን አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። በነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ ደርሶ ነበር። ጤፍ በሚበላ አገር!

ስለዚህ "ይባላል" የሚለውን ትቼ ኮሌጅ ላይብረሪ ገባሁ። ዛሬ ያገኘሁትንም፣ እናንተ ራሳችሁ እንዴት ማግኘት እንደምትችሉም አካፍላችኋለሁ።

1. መጀመሪያ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ

ስለ ምግብ ስንጠይቅ ብዙዎቻችን ቀጥታ ስልካችን ላይ ፍለጋ እንጀምራለን። ላይብረሪ ውስጥ ግን መነሻው ሌላ ነው፤ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ። በ100 ግራም ጤፍ፣ ሽሮ፣ ጎመን ወይም ቆጮ ውስጥ ስንት ፕሮቲን፣ ስንት ካልሲየም፣ ስንት አይረን እንዳለ በዝርዝር ይነግራል።

ኢትዮጵያ የራሷ ሠንጠረዥ አላት፤ ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ወላጆቻችን የሚያውቁት የፋፋ ዱቄት ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥም በዚያው በ1968 ታተመ። ዛሬ የዚህ ተቋም ሥራ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ነው።

አሁን ወደ ጤፉ እንመለስ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ በ100 ግራም ጥሬ ጤፍ ውስጥ 7.6 ሚሊግራም ያህል አይረን አለ ይላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ቃለአብ ባዬ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዳሰሳ ግን በተለያዩ ጥናቶች የተለካው የነጭ ጤፍ አይረን ከ9.5 እስከ 37.7፣ የቀይ ጤፍ ደግሞ ከ11.6 እስከ ከ150 ሚሊግራም በላይ ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡ። አንድ እህል ነው፤ ልዩነቱ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ። ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ትልቁን ቁጥር መርጠው ይነግሩናል። እኛ መጠየቅ ያለብን "ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?" ብለን ነው።

2. መልሱ አውድማው ላይ ነው

በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ያገኘው ነገር ገበሬ ለሆነ ሰው አያስደንቅም፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ከፍተኛ አይረን አብዛኛው ከአፈር የመጣ ነው። ጤፍ ደቃቅ ነው። መሬት ላይ በተለቀለቀ አውድማ፣ በበሬ እየተረገጠ ሲወቃ አፈር ይይዛል። ላብራቶሪው የአፈሩንም ብረት አብሮ ይለካል። አንጀታችን ግን የአፈር ብረትን በደንብ አይመጥም።

ስለዚህ ጤፍ መጥፎ ነው? በፍጹም! ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ አይጠፋም፤ በስንዴ ውስጥ ያለው ዓይነት ግሉተንም የለውም። ግን "ሠንጠረዥ ላይ ያለ" እና "ደም ውስጥ የሚገባ" የተለያዩ ናቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ።

3. ደም ውስጥ እንዲገባ ምን ያግዘዋል? ምንስ ይከለክለዋል?

እዚህ ላይ ላይብረሪው ሀብታም ነው፤ ብዙ ጥናት አለ።

ፋይቴት፦ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለ፣ አይረንን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። የእናቶቻችን እርሾ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በአንድ ሌሊት በጥድፊያ ከተጋገረ እንጀራ ይልቅ ጊዜ ወስዶ የቦካው ይመረጣል።

ቡናና ሻይ፦ በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ሲኒ ቡና ሲጠጣ ሰውነት የሚወስደው አይረን በ39 በመቶ ቀነሰ፤ በሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ግን ምንም አልቀነሰም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። ቡናችንን ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል! ግን ደም ማነስ ያለባት ሴት ያለችበት ቤት ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ፤ ካልሆነም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ።

ቫይታሚን ሲ፦ ይህ ደግሞ አጋዥ ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ከሽሮው ጋር ቲማቲምና ቃሪያ ሰላጣ፣ ከምግብ በኋላ ብርቱካን። ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሥጋ፦ የሥጋ አይረን በቀላሉ ይመጠጣል፤ አብሮት የተበላውን የእህልና የጥራጥሬ አይረንም ያግዛል። ጥቂትም ብትሆን ትጠቅማለች።

4. የእንጦጦ ጉዳይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው የተለካው ቁጥር ላይ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ከፍታ 1.3፣ በ3,000 ሜትር 1.9 ግራም በዴሲሊትር ይቀነሳል። መመሪያው በ2024 ታድሷል። አያችሁ፣ የታተመበትን ዓመት ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2002 እ.ኤ.አ. በሲንቲያ ቢል የሚመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም፤ የደማቸው ኦክስጅንም እንዲሁ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ማለትም ለሌላ አገር ደጋ ሰው የተሠራ ስሌት ለእኛ ደጋ ሰው ልክ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትደናገጡ፤ አትዘናጉም። ምልክቱን፣ የደም ሴሎቹን ሁኔታና ፌሪቲን የሚባለውን የአይረን ክምችት ምርመራ አብሮ የሚያይ ሐኪም ያስፈልጋል።

ሯጮች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ሳትመረመሩ የአይረን ኪኒን አትጀምሩ። ትርፍ አይረን ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም፤ ሲጠራቀም ጉበትንም ልብንም ይጎዳል።

5. እናንተስ እንዴት ትፈልጋላችሁ?

በየካ የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ በምኒልክ ሆስፒታል በኩልም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የኮሌጅ ተማሪ ከሆነች ላይብረሪው በእጇ ነው። ተማሪ ያልሆነ ሰው ስለሚገባበት ሁኔታ እንደየኮሌጁ ደንቡ ይለያያል፤ መታወቂያ ይዛችሁ በሩ ላይ ጠይቁ።

ጥያቄያችሁን አጥብቡ። "ጤፍ ለጤና ጥሩ ነው?" ብላችሁ ብትፈልጉ ትጠፋላችሁ። "ነፍሰ ጡር ሴት ከእንጀራ የምታገኘው አይረን ይበቃታል?" ብትሉ መልስ አለው።

የላይብረሪ ባለሙያውን ጠይቁ። "ሂናሪ አላችሁ?" በሉ። ሂናሪ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ውድ የሕክምና ጆርናሎችን እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የሚከፍት አገልግሎት ነው። መግቢያ ቃሉ በተቋሙ እጅ ስለሆነ ከቤት አታገኙትም። ፐብሜድ ደግሞ ለማንም በነጻ ክፍት ነው፤ የጥናቶቹን ጭምቅ ሐሳብ ታነባላችሁ።

ጥናት ስታገኙ አምስት ነገር ጠይቁ፦
- የተጠናው በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ?
- ስንት ሰው ላይ?
- የት አገር፣ ምን የሚበሉ ሰዎች ላይ?
- መቼ ታተመ? ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ነገር አለ?
- ገንዘቡን ማን ከፈለ? ምርቱን የሚሸጠው ድርጅት ይሆን?

አንድ ጥናት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ዳሰሳ ካለ እሱን አስቀድሙ። የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ የእኛን ገበታ ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ አንብቡት።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?

ጤፍ ብሉ። ግን ጤፍ የነፍሰ ጡርን ኪኒን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ከ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ይመክራል። ይህን ያህል የሚመጠጥ አይረን ከእንጀራ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ደም ማነስ ከተገኘባት ደግሞ መጠኑን ሐኪም ይጨምረዋል።

ኪኒኑ ሆድ ካደረቀ ወይም ካቅለሸለሸ አትተዉት፤ ንገሩን። ሰዓቱን መቀየር፣ ከምግብ ጋር መውሰድ ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይቻላል። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር ግን አትውሰዱት። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ከኪኒኑ የሚመጣ ነው።

ያቺን እናት ጠይቃችሁኝ ከሆነ፦ የኪኒኑን ዓይነት ቀየርንላት፣ ቡናውን ከምሳ በፊት አደረጉት፣ እናቷ ራሳቸው አስታዋሽ ሆኑ። ከወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 9.8 ደረሰ፤ ክትትሏም ቀጥሏል።

ልብ በሉ፦ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር፣ ወይም አፈርና በረዶ የመብላት አምሮት ካለባችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። ይህ ጽሑፍ ምርመራን አይተካም።

በቀጣይ ከላይብረሪ እንድፈልግላችሁ የምትፈልጉት የምግብ ጥያቄ ካለ ጻፉልኝ፤ አብሽ? ተልባ? ሽፈራው? ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ይህን ዛሬውኑ አንብቡላት።

ጤናችሁ ይብዛ!